በገና ልንቀዳ ሄደን

ዐቢይ ጾም ነበር። ከባልደረባዬ ጋር አንድ አዛውንት በገና ደርዳሪ ልንቀዳ ቤታቸው ሄድን። ሪከርደሩን የተረከብነው ከዜና ክፍል ነው። ባልደረባዬ ማይኩን ተክሎ "አባባ፣ ይጀምሩ" አላቸው።

ሄድፎን አድርጌ ስሰማ ግራ ገባኝ። ያ ሆድ የሚያባባ ወፍራም ድምፅ የለም። እጃቸው አረፍ ሲል ደግሞ የፍሪጁ ጉርምርምታ እየጎላ ይመጣል። "ይቅርታ አባባ፣ አንዴ ያቁሙልኝ" አልኳቸው።

"ምነው ልጄ፣ ተበላሸ?"

ሜኑው ውስጥ ሁለት ነገር በርቶ አገኘሁ። አንዱ አውቶማቲክ ሌቭል ነው። ለመንገድ ላይ ቃለ ምልልስ ይጠቅማል፣ በገናን ግን ይገድላል። ድምፁ ሲወርድ ራሱ ይጎትተዋል፣ ሲወጣ ይጫነዋል። የበገና ውበት ያለው ደግሞ እዚያ መውጣትና መውረድ ላይ ነው። ሌላው ሎው ከት ነው፤ የንፋስና የመኪና ድምፅ እንዳይገባ ታችኛውን ድምፅ ይቆርጣል። 220 ሄርዝ ላይ ተደርጎ ስለነበር የወፍራሞቹን አውታሮች ድምፅ ጠራርጎ ወስዶታል። ሁለቱንም አጠፋሁ።

ማይኩም ዳይናሚክ የሚባለው፣ ለስላሳ ድምፅ ቶሎ የማይሰማው ዓይነት ነበር። አፍ ሥር ተይዞ ለሚናገር ሰው አንደኛ ነው። ራቅ ብሎ ለሚቀመጥና ለስላሳ ድምፅ ላለው ነገር ግን ጌይኑን፣ ማለትም የሪከርደሩን ድምፅ ማጉያ፣ በጣም መጨመር ይጠይቃል፤ ያኔ የትንሽ ሪከርደር የ"ሽሽሽ" ድምፅ አብሮ ይመጣል። ለስላሳ ድምፅ አጥርቶ በሚሰማው በኮንደንሰር ማይክ ቀየርነው። ለኮንደንሰሩ ከሪከርደሩ የሚላከው ኃይል፣ 48 ቮልት ፋንተም ፓወር፣ ባትሪ ስለሚበላ አዲስ ባትሪ ከተትን። አባባ የሚያዜሙት እንደ ንግግር ዝቅ አድርገው ነው። ስለዚህ ማይኩን በአፋቸውና በበገናው ገበቴ መካከል፣ ግማሽ ሜትር ያህል አራቅነው። ሌቭሉን ከፍተኛው ምት ከዜሮ (ድምፁ ካለፈው ከሚበላሽበት ጣሪያ) በታች 12 ዴሲቤል ላይ እንዲያርፍ አደረግን። በ24 ቢት ሲቀዳ ያን ያህል ቦታ መተው ምንም አይጎዳም። ፎርማቱ ድምፁን ሳይጨምቅ የሚያስቀምጠው ዋቭ፣ 48 ኪሎ ሄርዝ። በስቴሪዮ በደቂቃ 17 ሜጋባይት ያህል ነው፤ 32 ጊጋ ካርድ 30 ሰዓት ገደማ ይይዛል። ታዲያ ለቅርስ የሚቀመጥ ነገር ከድምፁ እየቀነሰ በሚጨምቀው በኤምፒ3 ለምን ይቀዳል?

ፍሪጁን ነቀልን። መልሰን መሰካቱን እንዳንረሳ የመኪናውን ቁልፍ ውስጡ አስቀመጥን። ያለ ቁልፍ የትም አንሄድማ!

አባባ እንደገና ሲጀምሩ ባልደረባዬ ሄድፎኑን ወሰደ። የየአውታሩን እዝዝታ፣ እንዝራ የምትባለው ከአውታሩ ሥር የምትገባ ቁራጭ ቆዳ የምትፈጥረውን፣ አንድ በአንድ ለይቶ ሰማ። በመጀመሪያ ደርድረውት የተበላሸውን እንዲደግሙልን ለመንናቸው። "እሱስ ሄደ ልጄ፣ ሌላ ልስጣችሁ" አሉና ቀጠሉ። አሁን ሪከርደር ስንረከብ ሜኑውን ቢሮ ውስጥ እያለን እናየዋለን። ሰውየው ቤት ደግሞ ገና መሣሪያቸውን እየቃኙ ሳለ ሄድፎኑ ጆሯችን ላይ ነው።