«ተባለ»

ማታ እራት ላይ ልጄ ስልኩን አፍንጫዬ ስር ደቀነው። «አባዬ፣ የቱታንካመንን መቃብር የከፈቱት ሰዎች በሙሉ በእርግማን አለቁ አሉ። እውነት ነው?» እናቱ አማተበች። እኔ ሳቄ መጣ። ይቺን ወሬ አውቃታለሁ፤ የሙያዬ፣ የጋዜጠኝነት ልጅ ናት።

ሃዋርድ ካርተር የሚባል የጥንት ቅርስ ቆፋሪ የዚህን የጥንት ግብጽ ንጉሥ መቃብር ያገኘው በኖቬምበር 1922 እ.ኤ.አ. ነው፤ ግብጽ፣ ሉክሶር አጠገብ፣ የነገሥታት ሸለቆ ውስጥ። ወጪውን የሚችለው ሎርድ ካርናርቮን የሚባል እንግሊዛዊ ባለጸጋ ነበር። ሎርዱ ታዲያ ወሬውን ለለንደኑ ታይምስ ለብቻው ሸጠለት። በ5,000 ፓውንድ፣ በዚያ ላይ ከትርፉ 75 በመቶ።

እስቲ የሌሎቹን ጋዜጠኞች ነገር አስቡት። ባሕር ተሻግረው መጥተዋል። ፀሐዩ ይጠብሳቸዋል። የሆቴል ሂሳብ ይቆጥራል። አለቃ በቴሌግራም «ምን ተገኘ?» እያለ ይነዘንዛል። እነሱ የሚያዩት የመቃብሩን አፍ የከበበውን የድንጋይ ካብ ነው። ግብጻውያኑ ደግሞ ባሰባቸው፤ የገዛ አገራቸውን ንጉሥ ወሬ ከለንደን ጋዜጣ ሊለምኑ ሆነ።

ኤፕሪል 5 ቀን 1923 ካርናርቮን ካይሮ ውስጥ ሞተ። ጉንጩን ትንኝ ነክሳው ነበር። ሲላጭ ምላጩ ቁስሉን ነካው፣ ደሙ ተመረዘ፣ የሳንባ ምች ተጨመረበት። አንቲባዮቲክ ባልነበረበት ዘመን ይሄ ብርቅ አይደለም። ግን ልብ በሉ፤ ታይምስ የገዛው የመቃብሩን ወሬ እንጂ የሰውየውን ሞት አልነበረም። ደጅ ለቆሙት ሁሉ ድግስ መጣላቸው።

ሲሞት የካይሮ መብራት ጠፋ ተባለ። (መብራት የሚያጠፋው ፈርዖን ከሆነ እኛ ሰፈር ስር ስንቱ ተቀብሮ ይሆን?) እንግሊዝ አገር የቀረው ውሻው በዚያው ሰዓት አላዝኖ ሞተ ተባለ። መቃብሩ ውስጥ የእርግማን ጽሑፍ ተገኘ ተባለ። ጽሑፉማ የለም። «ተባለ» ግን ስንቱን ጋዜጠኛ አብልታለች!

እኔን የሚገርመኝ አርተር ዌይጎል ነው። የዴይሊ ሜይል ዘጋቢ ነበር፤ ከዚያ በፊት ግን እዚያው ግብጽ የጥንት ቅርስ ኃላፊ ሆኖ የሠራ፣ ነገሩን አሳምሮ የሚያውቅ ሰው ነው። እሱም እንደሌላው ደጅ ቀረ። ካርናርቮን እየቀለደ ወደ መቃብሩ ሲወርድ አይቶ፣ በዚህ አኳኋኑ ከገባ ስድስት ሳምንት አይቆይም ብሎ ነበር ይባላል። ይኸው፣ እኔም «ይባላል» አልኩ።

በ1934 የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ባልደረባ ኸርበርት ዊንሎክ ቁጭ ብሎ ቆጠረ። መቃብሩ ሲከፈት ከነበሩት 26 ሰዎች በአሥር ዓመት ውስጥ የሞቱት 6 ናቸው። አስከሬኑ ሲገለጥ አጠገቡ ከቆሙት 10 ሰዎች አንድም አልሞተም። ዋናው ጥፋተኛ ካርተር ራሱ እስከ 1939 ኖሯል። ይህን ሁሉ ለልጄ ዘረዘርኩለት። «እሺ» አለኝና ቪዲዮውን ቀጠለ።

መተኛት አቅቶኝ ነው ይህን የምጽፈው። ጀማሪ ሪፖርተር ሳለሁ አንድ ዝግ ስብሰባ ደጅ ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ቆሜያለሁ። ማንም አላናገረኝም። አዘጋጁ ባዶ ገጽ ይዞ ይጠብቀኛል። የሰማሁት አንድ ጊዜ ከውስጥ የወጣ ጩኸት ነው፤ እሱም ምን እንደሚል አልለየሁትም። «በአዳራሹ ውጥረት ነግሦ እንደነበር ምንጮች ጠቁመዋል» ብዬ ጻፍኩ። ምንጮቹ እኔና ዘበኛው ነን። በማግስቱ ሌላ ጋዜጣ ውጥረቱን ወደ ጠብ አሳደገው። በሦስተኛው ቀን ዳቦ ልገዛ ብገባ ባለሱቁ፣ «ቡጢ ተሰናዘሩ አሉ አይደል? አንተ እኮ እዚያው ነበርክ» አለኝ።

ዳቦዬን ተቀብዬ ወጣሁ።