ሊ ነው ሌ? ስለ አንድ ስክሪን ዋጋ

ሰኔ ሲገባ ጅማ ውስጥ ማተሚያ ቤት የሚሠራ ሰው እንቅልፍ የለውም። የምረቃ መጽሔት፣ ሰርተፊኬት፣ ባነር፣ የሠርግ ጥሪ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይመጣል። ዝናቡ አይለቅም። መብራት ይሄድና ይመለሳል። እኔ ሄርማታ አካባቢ ባለች ትንሽ ማተሚያ ቤት ውስጥ ሌይአውት፣ ማለትም የገጽ ቅንብር፣ እሠራለሁ። የቤቱን ባለቤት ሁላችንም ሐጂ እንላቸዋለን።

የዚያን ሰሞን የአንድ ኮሌጅ የምረቃ መጽሔት አትመን፣ ጠርዘን፣ አስረከብን። በማግሥቱ አንድ አባት መጽሔቱን ይዘው መጡ። የተመራቂዎች ስም ዝርዝር ላይ ጣታቸውን አድርገው ቆሙ። ልጃቸው ሌሊሴ ትባላለች። የታተመው ግን "ሊሊሲ" ነው። "ይህን ሁሉ ዓመት አስተምሬ፣ ስሟን ልጣው?" አሉ። አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻል ነበር።

ፋይሉን ስናየው ከኮሌጁ የመጣው እንደዚያው ሆኖ ነው። የኮሌጁ ተወካይም እኛው ጋ መጥተው፣ ስክሪኑ ፊት ተቀምጠው፣ ገጹን አይተው ፈርመዋል። በውሉ መሠረት ዕዳው የእኛ አይደለም። ሐጂ ግን "ልጅቷ ምን አጠፋች?" አሉና ገጹ በድጋሚ ታተመ። የተጠረዘው ተፈታ፣ እንደገና ተጠረዘ። ወረቀቱም ቶነሩም ከቤቱ ወጣ። እኔ ይህን ውሳኔ እስከ ዛሬ እወድላቸዋለሁ።

ሥራው ካለቀ በኋላ ሐጂ ጠረጴዛዬ አጠገብ ወንበር ስበው ተቀመጡ። "ተወካዩም አይቶታል፣ አንተም አይተኸዋል፣ እርማት የምትሠራልን ቲቸርም አይታዋለች። ሦስት ሰው እንዴት አንድ ስም ያልፈዋል? ስክሪኑ ነው ችግሩ? ከሆነ እንግዛ። ካልሆነ ግን ብሬን አታስወጣኝ።"

ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። በሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው ሌላ ሆኗል። ስክሪንም እንደዚያው። ጥራቱ ከፍ ያለው እኛ ከምንጠቀምበት ከእጥፍ በላይ ይጠራል። በዚያ ብር የወረቀት ክምችት ይሞላል። ስለዚህ "አዲስ ነገር ጥሩ ነው" ብሎ መመለስ አይቻልም።

በመጀመሪያ ፊደሏን ራሷን አጉልቼ አየኋት። ሊ ቀኝ እግሯ ሥር ወደ ውጭ የወጣች አጭር ሰረዝ አለቻት። ሌ እዚያው ቦታ ላይ ትንሽ ቀለበት አላት። ሲና ሴም እንደዚሁ ናቸው። የስም ዝርዝሩ የተጻፈው በ9 ነጥብ የፊደል መጠን ነው። የእኛ ስክሪን ባለ 24 ኢንች ፉል ኤችዲ ነው፣ ማለትም ወደ ጎን 1920፣ ወደ ታች 1080 ፒክሰል። ፒክሰል ስክሪኑ ምስሉን የሚሠራባት ትንሿ ነጥብ ናት። ሁለት የኤ4 ገጽ ጎን ለጎን ሙሉ በሙሉ እንዲታይ ስናደርግ ገጹ ትንሽ ያንሳል። ያኔ ለአንድ ፊደል የሚደርሰው ቁመት 10 ፒክሰል ገደማ ነው። ከዚያ ውስጥ ለቀለበቷ የሚተርፋት ሁለት ነው፣ ቢበዛ ሦስት። ቀለበት ደግሞ መሃሉ ክፍት ካልሆነ ቀለበት አይደለም። ለግራ ጠርዝ አንድ፣ ለቀዳዳው አንድ፣ ለቀኝ ጠርዝ አንድ ያስፈልጋል። ሁለት ፒክሰል ላይ ቀዳዳ አይወጣም። ግራጫ ነጥብ ሆና ትቀራለች። ሰረዙም ግራጫ ነጥብ ነው። ሦስት ሰው ያለፈው እሱን ነው።

በቁቤ የተጻፉት ገጾች ላይ ይህ ችግር እምብዛም አልነበረም። አናባቢው ራሱን የቻለ ፊደል ስለሆነ፣ አይ (i) እና ኢ (e) ደብዘዝ ቢሉም ይለያሉ። ስለ ስክሪን የሚሰጠው ምክር አብዛኛው የተፈተነው በላቲን ፊደል ይመስለኛል። "ለጽሑፍ ሥራ ፉል ኤችዲ ይበቃል" ሲባል ለየትኛው ጽሑፍ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። በግዕዝ ፊደል ለሚሠራ ሰው መልሱ ሌላ ነው።

ሐጂ ግን ቀድመው አንድ ነጋዴ አነጋግረው ነበር። ነጋዴው ባለ 27 ኢንች ስክሪን በደህና ዋጋ አለኝ ብሏቸዋል። "ትልቅ ነው፣ ፊደሉም ይተልቃል" አሉኝ። ዝርዝሩን ስጠይቅ እሱም ፉል ኤችዲ ነው። ቁጭ ብዬ አሰላሁላቸው። ስክሪኑ ተለቀ እንጂ ፒክሰሎቹ እነዚያው ናቸው። እያንዳንዱ ፒክሰል ከ0.28 ሚሊ ሜትር ወደ 0.31 ይሰፋል። ፊደሏ ያው 10 ፒክሰል ላይ ናት። ግራጫው ነጥብ ይተልቃል፣ ቀለበት ግን አይሆንም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ሻጩ ኢንች ይነግርሃል፣ አንተ የምትፈልገው ደግሞ የፒክሰሉን ብዛት ነው። ሁለቱንም አንድ ላይ ካልጠየቅክ ግማሹን ብቻ ነው የሰማኸው።

"እና ባለ 4ኬው ይሻላል?" አሉ ሐጂ። 4ኬ ማለት ወደ ጎን 3840፣ ወደ ታች 2160 ፒክሰል ያለው ነው። "ቆይ፣ መጀመሪያ ያለንን እንየው" አልኳቸው።

ያለንን ስናይ ሁለት ነገር ወጣ። አንደኛ፣ ከእኔ በፊት እዚያ ጠረጴዛ ላይ የነበረው ልጅ ጽሑፉ እንዲተልቅለት ብሎ ስክሪኑን ወደ 1600 በ900 ዝቅ አድርጎት ነበር። ስክሪን በተሠራበት ልክ ካልሠራ ፒክሰሎቹ በትክክል ስለማይገጥሙ ሁሉም ነገር ይደበዝዛል። ሁለተኛ፣ ገመዱ ቪጂኤ ነው። ቪጂኤ አናሎግ ስለሆነ የፊደሉን ጠርዝ በትንሹም ቢሆን ያፈዘዋል። ስክሪኑን ወደ 1920 መለስኩ፣ ከመሳቢያ ኤችዲኤምአይ ገመድ አውጥቼ ቀየርኩ። ሌባው ተያዘ ማለት አይቻልም፣ ግን ወዲያው ለውጥ ታየ። ምንም ብር አልወጣበትም። ስክሪን ልግዛ የሚል ሰው ሁሉ መጀመሪያ ይህን ቢያደርግ ደስ ይለኛል። ግማሹ ሰው መግዛቱን ይተወዋል።

ለእኛ ግን አልበቃም። ቀለበቷ አሁንም ሁለት ፒክሰል ላይ ናት።

የሠርግ ቪዲዮ ኤዲት የሚያደርግ ጓደኛ አለኝ። ባለ 27 ኢንች 4ኬ ስክሪኑን ለእሑድ አዋሰኝ። በዝናብ ተጠቅልሎ በባጃጅ መጣ። ከአሮጌው ጎን አስቀመጥነውና ቲቸርን ጠራናቸው። ቲቸር ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህርት ናቸው። ለእኛ እርማት ይሠራሉ። እኔ አንድ የስም ዝርዝር አዘጋጅቼ፣ አንዳንዱ ላይ ሊን በሌ፣ ሲን በሴ፣ ቢን በቤ ለውጬ ነበር። የቱን እንደለወጥኩ አልነገርኳቸውም።

በአሮጌው ሲያነቡ የተወሰኑት አለፏቸው። በአዲሱ ግን ገና ሳይጨርሱ "ይቺ ልክ አይደለችም፣ ይቺም" ማለት ጀመሩ። በ4ኬው ላይ ያው ባለ 9 ነጥብ ፊደል 20 ፒክሰል ቁመት ያገኛል። ቀለበቷ ቀዳዳ አላት።

ሐጂ ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩና "አሮጌውን አጉልታ ብታነብስ?" አሉ። ይህም ተገቢ ጥያቄ ነው። 200 ከመቶ አጎላንላቸው። ሁሉንም ያዙ። ነገር ግን ሁለቱ ገጽ ከስክሪኑ ይወጣሉ፣ ወደ ቀኝ ወደ ግራ መጎተት ይመጣል፣ የትኛው ረድፍ ላይ እንደነበሩ ይጠፋቸዋል። "ለአንድ ገጽ እሺ። ለመቶ ገጽ ግን ዓይኔም ትዕግሥቴም አይችልም" አሉ። የሰኔ ሥራ ደግሞ አንድ ገጽ አይደለም።

ሌላ ነገርም አስተዋልኩ። ቲቸር ወደ ስክሪኑ አንገታቸውን ያሰግጋሉ። መነጽራቸው መጽሐፍ ለማንበብ፣ ለ40 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀት የተለካ ነው። ስክሪኑ ያለው 60 እና 70 ላይ ነው። መነጽሩ ካልተስተካከለ የትኛውም ስክሪን ገንዘቡን አይመልስም። ይህን ስናገር ትንሽ ፈራሁ፣ እሳቸው ግን "እውነትህን ነው ልጄ" አሉ። ሐጂ የመነጽሩን ወጪ ቤቱ ይሸፍናል አሉ። በኋላ ሳስበው ከሁሉም ርካሹና ጠቃሚው ግዢ እሱ ነበር።

እና 4ኬውን እንግዛ? እዚህ ጋ ብዙ አሰብኩ። ጤነኛ ዓይን በ60 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ 0.17 ሚሊ ሜትር ያህል የሚራራቁ ነገሮችን ይለያል ይባላል። በ70 ላይ 0.20 ይሆናል። የ4ኬው ፒክሰል 0.16 ነው። ማለትም ዓይን ከሚለየው ትንሽ አልፎ ሄዷል። በመሃል ደግሞ ሌላ አለ፤ ባለ 27 ኢንች ሆኖ 2560 በ1440 የሆነው። የእሱ ፒክሰል 0.23 ነው። ከቲቸር ዓይን አቅም ብዙ አይርቅም። ያው ፊደል 14 ገደማ ፒክሰል ያገኛል፣ ለቀለበቷም ሦስት ይደርሳታል። ዋጋው በሁለቱ መሃል ነው።

ስፋቱም ገባኝ። ሁለት የኤ4 ገጽ ጎን ለጎን 42 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፣ ቁመቱ 29.7 ነው። ባለ 24 ኢንቹ ስክሪን ቁመቱ 30 አይሞላም፣ ከዚያ ላይ የሶፍትዌሩ ሜኑ ይቀነሳል። ባለ 27ቱ ግን ወደ 34 ይጠጋል። ሁለቱን ገጽ በእውነተኛ መጠናቸው፣ ሜኑው ሳይነካቸው ያሳያል። ለሌይአውት ሠራተኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ደንበኛው ስክሪኑ ላይ የሚያየው ወረቀቱ ላይ የሚያገኘውን መጠን ይሆናል።

4ኬው ላይ ሁለት የተደበቀ ወጪም ነበር። የእኛ ኮምፒውተር የቆየ ስለሆነ ኤችዲኤምአዩ 1.4 ነው። በእሱ 4ኬ ከ30 ኸርዝ አያልፍም፣ ማለትም ምስሉ በሴኮንድ ከ30 ጊዜ በላይ አይታደስም። እሑድ ዕለት ማውሱን ሳንቀሳቅስ ቀስቱ እየተጎተተ ይከተለኝ ነበር። ለማስተካከል ሌላ ግራፊክስ ካርድ መግዛት ነው። ከዚያ ደግሞ የምንሠራበት የዲዛይን ሶፍትዌር ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል። ዊንዶውሱን 150 ከመቶ ብናደርገውም የሶፍትዌሩ ቁልፎች አብረው አይተልቁም። እንደ ጤፍ ቅንጣት ሆነው ቀሩ። 2560 በ1440ው ግን በዚያው ገመድ፣ በዚያው ኮምፒውተር በ60 ኸርዝ ይሠራል።

ሐጂን ጠርቼ እንዲህ አልኳቸው። "አንድ ብቻ እንግዛ፣ መካከለኛውን። ለእርማትና ለሌይአውት ጠረጴዛ። የባነሩና የሒሳቡ ባሉበት ይቆዩ።" ባነር ከሜትሮች ርቀት ላይ የሚታይ ሥራ ነው። ፊደሉ የክንድ ያህል ነው። እዚያ ላይ ቀለበት አይጠፋም። የሒሳብ ጠረጴዛውም ቁጥር ነው የሚያየው።

ሐጂ ለአፍታ አሰቡ። "ያንን መጽሔት እንደገና ያተምንበት ወጪ ከዚህ ስክሪን ዋጋ ምን ያህሉ ይሆናል?" አሉ። ደረሰኞቹን አወጣን። ዋጋውን አይሞላም፣ ግን የሚናቅ አይደለም። "ወላሂ፣ የሰውየው ፊት ግን ደረሰኝ ውስጥ የለም" አሉና ፈቀዱ።

ዕቃው ከአዲስ አበባ መጣ። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መልሶ መላክ ቀልድ ስላልሆነ፣ ሐጂ ቀሪውን ክፍያ ከመላካቸው በፊት ስክሪኑን ሙሉ ነጭ፣ ሙሉ ጥቁር፣ ቀጥሎ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ አድርገን የሞተ ፒክሰል ፈለግን። የለውም። ስታቢላይዘሩ ላይ ሰካነው። ቲቸር አሁን ማስረከቢያ የደረሰበትን ሥራ እዚያ ላይ ያነባሉ። የስም ዝርዝር ከሆነ ግን አሁንም ወረቀት ላይ አንድ ጊዜ አትመን እናያለን። ይህን ስክሪን አይተካውም፣ እኔም እንዲተካው አልፈልግም። ደንበኛም ሲፈርም ስክሪኑን አይቶ ሳይሆን ወረቀቱን አይቶ ነው። ይህንን ሕግ ሐጂ ራሳቸው ናቸው ያወጡት።

ባነር የሚሠራው ልጅ ግን ቅር ብሎታል። "እኔስ?" ይላል። ሐጂም "ልዩነቱ የሚታይበት አንድ ሥራ አምጣልኝ" ብለውታል። ባለፈው ሳምንት ቀጫጭን የእጅ ጽሑፍ የሚመስል ፊደል ያለበት የሠርግ ጥሪ ይዞ መጣ። እውነቱን ለመናገር ሥራው ያሳምናል። እሑድ በሁለቱም ስክሪን ላይ ከፍተን እናየዋለን።