የፍሬን ዘይትና የሐረጎ ቁልቁለት

የአሮጌውን ሚኒባስ የፍሬን ዘይት ቀይረን አየሩን አወጣን። እጄን ብታጠብም ሽታው አልለቀቀኝም፤ ቢሆንም ነገሩ ሳይደበዝዝብኝ ልጻፈው።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የወረደ ሰው ፍሬን ምን እንደሆነ ያውቃል። በሁለቱ ከተሞች መካከል 600 ሜትር ያህል የከፍታ ልዩነት አለ፤ ሐረጎ ላይ መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ከመያዝ ይልቅ ፍሬን ብቻ የሚረግጥ ሾፌር ሸራውንም ዘይቱንም ያግለዋል። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከጊዜ ጋር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውሃ ከገባበት ግን ይህ ልክ ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ከፈላ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ስለሚጨመቅ የእግራችን ጉልበት ጎማው ጋ ሳይደርስ እዚያው ይቀራል። የከፋው ነገር፣ ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ተመልሶ ፈሳሽ መሆኑ ነው። ሾፌሩ ኮምቦልቻ ደርሶ «ፍሬኑ ከዳኝ» ሲል መካኒኩ ፔዳሉን ይረግጠዋል፣ ደህና ሆኖ ያገኘዋል። እውነቱን የተናገረ ሰው እንደ ፈሪ ሲቆጠር ያናድደኛል።

ማኑዋሉን ጎማው አጠገብ ዘርግቼ፣ ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ ከሚገፋው ከማስተር ሲሊንደሩ ከሚርቀው ከኋላ ጎማ ጀመርኩ። የእህቴ ልጅ ፔዳሉ ላይ ነበር።

«ርገጥ!»

«ረግጫለሁ ጋሼ!»

የማስተንፈሻዋን ብሎን ትንሽ ላላ ሳደርጋት ፔዳሉ ይሰምጣል፤ እሷን ሳልዘጋ እግሩን ካነሳ አየር ተመልሶ ይገባል። ስለዚህ «ልቀቅ» እስክለው ድረስ አይነቃነቅም። መጀመሪያ የወጣው ዘይት እንደ ቡና ጠቁሮ ነበር። በቀጭኑ ቱቦ ውስጥ አረፋው እየተንደረደረ ጠርሙሱ ውስጥ ሲገባ ዓይኔን ከእሱ መንቀል አልቻልኩም። ቀስ በቀስ አረፋው ሳሳ፤ በመጨረሻም የጠራ ዘይት ብቻ መጣ። ልጁ እግሩ እየዛለ ነበርና «አብሽር፣ ልንጨርስ ነው» አልኩት። በየመሃሉ ማጠራቀሚያውን በአዲስ ዘይት እንሞላለን፤ ከጎደለ አየር ስቦ ልፋታችንን ገደል ይከተዋል።

ከኋላው አክስል በላይ፣ እንደ ጭነቱ ክብደት የኋላ ፍሬኖችን ግፊት የሚመጥን ቫልቭ አለ። እሱም የራሱ ማስተንፈሻ አለው፤ ማኑዋሉ ላይ በሥዕል ሰፍሯል። ብዙ ሰው አራቱን ጎማ ጨርሶ ይነሣል። ሰው ሞልቶ፣ ጣሪያው ላይ ጆንያ ተጭኖ ለሚሄድ መኪና ግን ይህ ቫልቭ የሚታለፍ አይደለም።

ፔዳሉ አሁን ከላይ ይይዛል፣ ጠንካራ ነው። የዛሬውን ቀን ማጠራቀሚያው ክዳን ላይ ለጥፌያለሁ፤ ከእንግዲህ በየ2 ዓመቱ እቀይራለሁ እንጂ ሲጎድል ብቻ አልሞላም። ነገ ባዶውን ሜዳ መንገድ ላይ እሞክረዋለሁ። ሰው ጭኜ ሐረጎን የምወርደው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያኔም በ2ኛ ማርሽ።