ደሴ ላይ የቤት ውስጥ ተክል ከመግዛታችሁ በፊት መስኮታችሁን እዩ

ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

ቤታችን ጦሳ ተራራ ግርጌ ነው። የሳሎኑ መስኮት ወደ ሰሜን፣ የመኝታ ቤቱ ወደ ደቡብ ነው። ሸክላው ከታች ቀዳዳ ይኑረው፣ አፈሩ ላይ ትንሽ አሸዋ ይቀላቀልበት። እዚህ ላይ ብዙ ወሬ አያስፈልግም።

ያንገበገበኝ ፊከስ የሚባለው ተክል ነው። የገዛሁት ኮምቦልቻ ነው። ሳሎኑ ጨለም እንደሚል ለሻጩ ነገርኩት። «ፊከስ የትም ያድጋል፣ ጥግ ላይ አድርጊው» አለኝ። ችግኙ ያደገው ሙቀትና ፀሐይ በጠገበ ሜዳ ላይ ነው። የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ሲገባ ብርሃኑም ብርዱም በአንድ ቀን ተለወጠበት። ፊከስ ደግሞ ድንገተኛ ለውጥ ሲገጥመው ቅጠሉን ያራግፋል። ክረምቱ ገባ፣ ጉሙ ወረደ፣ እኔም ጠዋት ጠዋት ቅጠል መጥረግ ሆነ ሥራዬ።

አንድ የግብርና ባለሙያ አማከርኩ። መጥቶ ሳያይ «ውሃ ጠምቶት ነው፣ ማዳበሪያም ጨምሪበት» አለኝ። እንዳለኝ አደረግሁ። ግንዱ ከሥር ለሰለሰ። ስነቅለው ሥሩ ቡናማ ሆኗል፣ ይሸታል። ብርሃን ያነሰው ተክል የሚጠጣው ውሃ ጥቂት ነው፤ የተረፈው ሥሩን ያበሰብሰዋል። ባለሙያ የሆነ ሰው «መስኮቱ በየት በኩል ነው?» ብሎ እንዴት አይጠይቅም? እስካሁን ያናድደኛል።

ኢንተርኔት ላይ ደግሞ «ሰሜን መስኮት ፀሐይ አያገኝም» ይላሉ። ለአውሮፓ በአብዛኛው እውነት ነው። ደሴ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ናት። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች። ታኅሣሥና ጥር ላይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ምዕራብ መስኮት ያላችሁ ደግሞ ጦሳ ፀሐይዋን ቀድሞ ይጋርድባችኋል።

ስለዚህ ራሳችሁ ለኩ። ቀን ስድስት ሰዓት ላይ፣ ተክሉ የሚቆምበት ቦታ ነጭ ወረቀት አድርጉና እጃችሁን ከላይ ዘርጉ። ጥላው ጥርት ካለ እሬት፣ ቁልቋል፣ ጄራኒየም የሚባለው አበባ። ከደበዘዘ ፖቶስ የሚባለው ሐረግ ወይም ፈርን። ጥላ ከሌለ ሳንሴቬሪያ ብቻ፣ ያቺ ቅጠሏ ረጅምና ቀጥ ያለው፤ እሷም ትቆያለች እንጂ ብዙ አታድግም። በበጋ ለክታችሁ አትተዉት፣ ሐምሌ ላይም ድገሙት።

ወፍራሙ መጋረጃ ቀን ቀን ይሰብሰብ። እናቴ «ሶፋው ይነጣል» ትላለች፤ ይንጣ! የመኝታ ቤቴ ጄራኒየም ጥር ላይ እንዴት እንደሚያብብ ያየ ሰው አይከራከረኝም።

ችግኝ ስትገዙ ደሴ ውስጥ ያደገውን ምረጡ። የኮምቦልቻው ካማራችሁ ግን በበጋ አምጡት፣ መጀመሪያ መስኮት አጠገብ አቆዩት፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ወደ ቦታው አስጠጉት።