ፋይሉ ቀለለ፣ ፕሪንተሩ ግን ንቅንቅ አላለም

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ትንሽ የህትመት ቤት አለችኝ። ሰኔ ሲገባ የመመረቂያ ጽሑፍ ይጎርፋል። አብዛኛው ፍላሽ ሰክቶ፣ አትሞ፣ ጠርዞ መስጠት ነው። አንዱ ግን ሦስት ሰዓት አንገበገበኝ።

ልጁ የብቸና ነው። ጽሑፉ 140 ገጽ ሲሆን 60ው በእጅ የተሞላ መጠይቅ ስካን ነው። ትምህርት ክፍሉ «በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ)፣ በከለር» ብሎ አዟል። ለምን እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ፋይሉ 210 ሜጋባይት መጣ። ፕሪንተሩ ጽሑፉን ቶሎ ቶሎ አወጣና መጠይቁ ላይ ሲደርስ «ፕሮሰሲንግ» ብሎ ቀረ።

እኔ አዋቂው ኢንተርኔት ላይ አስጨመቅሁና 18 ሜጋባይት አደረስሁት። ኩራቴ አይጣል ነበር። መልሼ ላክሁት፤ ያው ነው። ገመድ ነቀልሁ፣ ድራይቨር አጥፍቼ እንደገና ጫንሁ። ልጁ በር ላይ ቆሞ «ጋሼ፣ ቢሮው እኮ 11 ሰዓት ላይ ይዘጋል» ይለኛል። በዚህ መሀል መብራት ሄደ።

ጨለማው ውስጥ ቁጭ ብዬ በስልኬ ሒሳቡን ሠራሁ። አንድ ኤ4 ገጽ በ600 ዲፒአይ 35 ሚሊዮን ገደማ ነጥብ ነው። በከለር ሲዘረጋ ወደ 104 ሜጋባይት ይሆናል። የእኔ ፕሪንተር ሜሞሪ በጠቅላላው 128 ሜጋባይት ነው፤ ከዚያም ላይ ለራሱ ሥራ የሚይዘው አለ! መጭመቁ ነጥቡን አልቀነሰውም፤ ፕሪንተሩ ከማተሙ በፊት ሁሉንም መልሶ ይዘረጋዋል። ጤፍ ጆንያ ውስጥ ጠቅጥቄ ኪሎው የቀነሰ መስሎኝ ነበር።

መብራት ሲመጣ መጠይቁን ወደ 300 ዲፒአይ፣ ወደ ጥርት ያለ ጥቁርና ነጭ ለወጥሁት። አሁን አንዱ ገጽ ሲዘረጋ 1 ሜጋባይት ገደማ ነው። ተንደቀደቀ! በእርሳስ የተሞላ ከሆነ ግን ግራጫ አድርጉት፤ ጥቁርና ነጩ ፈዛዛውን ይበላዋል።

«ፕሪንት አዝ ኢሜጅ» የሚሏችሁን ሁልጊዜ አትስሟቸው። ጽሑፉንም ጭምር ሥዕል ያደርገዋል፤ እኔ ሲጨንቀኝ ብቻ ነው የምነካው። ከዎርድ ስታወጡ ደግሞ ፒዲኤፍ/ኤ የሚለውን ምረጡ። ፊደሉን አብሮ ስለሚይዝ ሌላ ቤት ሄዶ ሣጥን ሣጥን አይሆንባችሁም።

ልጁ ቢሮው ሊዘጋ 10 ደቂቃ ሲቀረው እየሮጠ ሄደ። የወረቀቱን ብቻ ነው የተቀበልሁት፤ ያ ሁሉ ሰዓት የጠፋው በእኔ ድንቁርና ነዋ። ትምህርት ክፍሉ ያችን «600» የምትል ማስታወቂያ ዘንድሮም ለጥፏታል። እኔም ዘንድሮ በ300 እያተምሁ ነው፤ እስካሁን አጉሊ መነጽር ይዞ የመጣብኝ የለም።