ነገ ላይመጣ የሚችለውን ልጅ ሙዚቃ ማስተማር

ሰላም ወዳጆች። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ጎዳና ላይ ለነበሩና አሁንም ወጣ ገባ ለሚሉ ልጆች ሙዚቃ ማስተማርን እየተማርኩ ነው። ቦታው አዲስ አበባ፣ አንድ የወጣቶች ማዕከል ባዋሰን ክፍል ውስጥ ነው። ክራር ከልጅነቴ ጀምሮ እጫወታለሁ፤ ማስተማር ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነው። እዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ ብዙ ስለሆናችሁ እስካሁን የያዝኩትን ላካፍላችሁ።

ከሁሉ በላይ የተማርኩት ይሄ ነው፦ የዛሬው ትምህርት ዛሬውኑ ማለቅ አለበት። እኛ የተማርነው መጀመሪያ ቅኝት፣ ከዚያ የጣት ልምምድ፣ ከወራት በኋላ ዘፈን እየተባለ ነው። እነዚህ ልጆች ግን ዛሬ ይመጡና ሳምንቱን ሙሉ ይጠፋሉ። የጉልበት ሥራ ተገኝቶ ይሆናል፣ አፈሳ ኖሮ ይሆናል፣ ወይ ብርድ ላይ አድረው ቀን እንቅልፍ ጥሏቸው ይሆናል። "ባለፈው ያየነውን አስታውሱ" ብሎ የሚጀምር አስተማሪ ያልነበረውን ልጅ ከበር እንደመመለስ ነው። አዲስ የገባውም የቆየውም አብሮ የሚጀምረው፣ ሲወጣም "ዛሬ ተጫወትኩ" የሚልበት ነገር ያስፈልጋል።

እሱን ያገኘሁት ከራሳቸው ነው። በቡሄ ሰሞን ሆያ ሆዬ ሲጨፍሩ አይታችሁ ከሆነ፣ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ዱላው መሬቱን እየመታ ምቱን ይጠብቃል። ተራን ጠብቆ መግባት፣ የሌላውን ድምፅ መስማት፣ ቦታው ላይ ግጥም መፍጠር፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ አለ። እኔ አሠራሩን ብቻ ወሰድኩ። ክብ ሠርተን እንቆማለን፣ ከበሮው መሃል ይሆናል፣ አውጪው ስለ ኳስም ይሁን ስለ ታክሲ ረዳት የመጣለትን ይላል። መናገር ያልፈለገ በጭብጨባ ያወጣል። ማንም አይገደድም።

ክራሩን ልጆቹ ሳይመጡ በፊት ቃኝቼ እጠብቃለሁ፣ ምክንያቱም እኔ ክር ሳጠብቅና ሳላላ የሚጠብቅ ትዕግሥት ያለው ልጅ ብዙ አይደለም። ቅኝቱ ትዝታ ሜጀር ነው። በአምስቱ ድምፆች መካከል የግማሽ ድምፅ ርቀት፣ ማለትም አብረው ሲሰሙ የሚጋጩ በጣም የተጠጉ ድምፆች፣ ስለሌለ ልጁ የትኛውንም ክር ቢነካ ከጓደኛው ጋር አይጋጭም። አንቺሆዬ የሚባለውን ቅኝት በጣም እወደዋለሁ፣ ግን ግማሽ ድምፆች ስላሉት ለመጀመሪያ ቀን ይከብዳል። ስድስቱን ክሮች በቀኝ እጅ እየመታ የማይፈለገውን በግራ ጣቶቹ የሚያፍን ልጅ በዚያው ቀን ክቡን ማጀብ ይችላል።

አሁን ስለ አንድ ልጅ ልንገራችሁ። ከጋሞ የመጣ ነው፣ ሊስትሮ ይሠራል፣ ዝምተኛ ነው። አንድ ቀን ተቀባዮቹ ሁሉ አንድ ዜማ ይዘው ሲሄዱ እሱ ከሥር ሌላ ነገር ያዘ። አጭር፣ የምትደጋገም፣ ሁለት ድምፅ ብቻ ያላት። ሌሎቹ ተሳሳተ ብለው ሳቁበት። እዚያው ጋሞ ያሉት ዶርዜዎች ድምፅ ተከፋፍለው፣ እያንዳንዱ የራሱን ይዞ እንደሚዘፍኑ የምታውቁ ምን እንደሰማሁ ይገባችኋል። ከበሮውን አስቁሜ እንዲቀጥል ለመንኩት። ጎኑ ላለው ልጅ ጆሮው ሥር ሆኖ ሌላ አጭር ዜማ ሰጠው፤ ልጁ ወደ እሱ ዜማ ሲንሸራተትበት ጊዜ "አትከተለኝ፣ የራስህን ያዝ" አለው። ለሦስተኛው ደግሞ ሌላ ሰጠ። ክፍሉ ሞላ። ከዚያ ወዲህ በመጣ ቁጥር ድምፅ የሚያከፋፍለው እሱ ነው፤ እኔም ከተማሪዎቹ አንዱ ሆኜ እቆማለሁ።

ዘፈን ስመርጥ ስለ እናትና ስለ አገር ቤት ናፍቆት የሚያወሩትን እኔ አላነሳም። ልጁ ራሱ ካነሳው ግን አላቋርጠውም፣ እስኪጨርስ እናጅበዋለን።

"መጀመሪያ እንጀራ ይብሉ፣ ሙዚቃ ምን ያደርግላቸዋል?" የሚሉኝ አሉ። እንጀራውማ ይቅደም፣ እኛም ሳይበሉ አንጀምርም። ግን አርባ ልጆች የሚባሉትን አስታውሱ። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ሲሄዱ የሰሟቸው፣ ከጭፍጨፋ የተረፉ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ነበሩ። አዲስ አበባ መጥተው በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የመንግሥት ሙዚቀኞች ሆኑ፤ የንጉሡን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰውም እሱ ነው። እነዚያ ልጆች የተፈለጉት ስለሚችሉ ነው። የእኔንም ልጆች ሰው እንደዚያ እንዲያያቸው እፈልጋለሁ፤ ለዚህም ነው "እንርዳቸው" ተብሎ የሚዘጋጅ መድረክ ላይ የማላወጣቸው።

ቀጥሎ ዋሽንት መጀመር አስቤያለሁ። የሸምበቆው ቶሎ ይሰነጠቃል፣ ልጆቹ ደግሞ ኪሳቸው ውስጥ ይዘው ማደር ይፈልጋሉ። ከፕላስቲክ የውሃ ቱቦ ሠርታችሁ የምታውቁ ካላችሁ የቱቦውን ርዝመትና የአራቱን ቀዳዳዎች ርቀት ጻፉልኝ። ሁሉም አንድ ላይ እንዲነፉ በተመሳሳይ የድምፅ ከፍታ የሚገጥም ልኬት ነው የምፈልገው።