የ31ዱ ድርጭቶች ሒሳብ

ባለፈው ዓመት ኅዳር ውስጥ አንድ ጡረታ የወጡ ኦዲተር 150 የድርጭት እንቁላል በካርቶን ውስጥ በሰጋቱራ ደርድረው ሱሉልታ ድረስ አመጡልኝ። ለማዳ ድርጭት እንቁላሏን አቅፋ የመፈልፈል ጠባይዋን ከሞላ ጎደል ያጣች ወፍ ናት፤ እርሳቸው ቤት ያሉትም ሴቶቹ እንቁላላቸውን በየደረሱበት ጥለው ዘወር ከማለት በቀር ሌላ አያውቁም። ስለዚህ ድርጭት ያረባ ሰው ወይ እንቁላል መፈልፈያ ማሽን ይገዛል፣ ወይ እንደ እኔ ያለውን ሰው ደጅ ይጠናል። ክፍያውን የተስማማነው በሚገባው እንቁላል ቁጥር ነበር። ጫጩቶቹ ጠንከር እስኪሉ ድረስ ለጥቂት ቀን እኔ ዘንድ እንዲቆዩም ጠየቁኝ፤ እኔም ሳላስብ «ይቆዩ» አልኩ። እስከ ዛሬ የምትቆጨኝ ይህች ቃል ናት።

በእኛ ሥራ ማንም ያልጻፈው፣ ሁሉም ግን የሚያውቀው አንድ ሕግ አለ። ያልተፈለፈለ እንቁላል ኪሳራው የባለ እንቁላሉ ነው፤ ወንዱ ሰንፎ፣ እንቁላሉ ከሳምንት በላይ ከርሞ፣ ወይም መንገድ ላይ ተንገጫግጮ ይሆናል ይባላል። ተፈልፍሎ የሞተ ጫጩት ግን ኪሳራው የባለ ማሽኑ ነው። በዚህ ላይ ሱሉልታ ላለን ሰዎች እግዜር የሰጠን ሰበብ አለን። ከእንጦጦ ማዶ ያለው ይህ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ያለ በመሆኑ አየሩ ስስ ነው፤ ጽንሱ የሚያገኘው ኦክስጅን ያንሳል፣ የእንቁላሉም ውሃ ቶሎ ይተናል። ከ2,000 ሜትር በታች ቢሾፍቱ ላይ ከሚሠሩት ባልደረቦቼ ጋር ራሴን ማወዳደር ከተውኩ ቆይቻለሁ። ደንበኛ «ለምን ይህን ያህል ብቻ?» ብሎ ሲጠይቀኝ «ከፍታው ነው» እላለሁ፤ ብዙውን ጊዜም እውነቴን ነው።

በዚያው ሰሞን ለራሴ 90 የኮይኮይ ዶሮ እንቁላል ይዤ ነበር። የዶሮ እንቁላል 21 ቀን፣ የድርጭት ደግሞ 17 ወይም 18 ቀን ስለሚፈጅ፣ የዶሮውን ሰኞ ጠዋት አስገብቼ የድርጭቱን ሐሙስ ማታ አስከተልኩ፤ ሁለቱም በአንድ ሰኞ እንዲፈለፈሉ ማለት ነው። ሙቀቱ ለሁለቱም 37.5 ዲግሪ ነው። ማገላበጡን ያቆምኩትም፣ እርጥበቱን ወደ 65 በመቶ ከፍ ያደረግኩትም ለሁለቱም በአንድ ቀን ነበር። ስሌቴ አልዋሸኝም፤ ሰኞ ረፋድ ላይ ከማሽኑ ውስጥ ሁለት ዓይነት ጭርጭርታ፣ አንዱ ወፈር ያለ፣ ሌላው እንደ ፌንጣ ድምፅ የቀጠነ፣ ባንድነት ይሰማ ጀመር። ማክሰኞ ጠዋት ስቆጥር ከ150 የድርጭት እንቁላል 104 ጫጩት ወጥቶ ነበር። ለሱሉልታ ይህ የሚያኮራ ቁጥር ነው፤ እኔም ኮራሁ።

አሁን ስለ ሥልጠናው አንድ ነገር ማለት አለብኝ። ማሽኑን ስገዛ የሦስት ቀን ሥልጠና አብሮ ተሰጥቶኛል፤ የምስክር ወረቀቱም እስከ ዛሬ ግድግዳዬ ላይ በመስታወት ተሰቅሏል። አሠልጣኙ ማሽኑንም፣ መኖውንም፣ ውሃ ማጠጫውንም የሚሸጠው ራሱ ስለነበር ስለ ንጽሕና አጠባበቅና ስለ ክትባት ብዙ ብሎናል። ድርጭትን በተመለከተ ግን የነገረን አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ «ድርጭት ማለት ትንሽ ዶሮ ናት» አለ፣ ተሳቀ፣ ወደ ሻይ እረፍት ወጣን።

ማክሰኞ ማታ ድርጭቶቹን በተለየ ሣጥን፣ በራሳቸው አምፖል ሥር አስገባኋቸው። ከዶሮ ጫጩት ጋር ቢቀላቀሉ እንደሚረጋገጡ ይህን ያህል አውቅ ነበር። የሣጥኑን ሙቀት 36 ዲግሪ አድርጌ፣ ስታርተር የሚባለውን የጫጩት መጀመሪያ መኖ ለአፋቸው እንዲመች እንደገና በወንፊት ነፍቼ፣ ለዶሮ ጫጩት የምጠቀምበትን ክብ የፕላስቲክ ውሃ ማጠጫ ሞልቼ አስቀመጥኩላቸው። የማጠጫው ጠርዝ ሁለት ጣት ያህል ጥልቀት አለው። አንድ ቀን የሆናት የድርጭት ጫጩት ሰባት ግራም ገደማ ትመዝናለች፤ የኮክ ዘር ታክላለች ብል አላጋነንኩም።

ከፍቼ አካባቢ የመጣች፣ ከእኔ ጋር ሦስት ወር ያልሞላት አንዲት ረዳት ነበረችኝ። ማታ ሣጥኑን ልሸፍን ስጎነበስ የማጠጫው ጠርዝ ዙሪያውን በጠጠር ተሞልቶ አገኘሁት። ከግቢው ለቅማ ያመጣችው ጠጠር ነው፤ የአከራዬ የአገር ዶሮዎች ቀኑን ሙሉ ከሚጭሩበት፣ ኩሳቸውን ከሚጥሉበት መሬት። ኮክሲዲዮሲስ የሚባለው የጫጩት አንጀት በሽታ በዚህ መንገድ እንደሚገባ፣ ፈንግልም ቢሆን በጫማ ሶል ተሸክሞ ሊገባ እንደሚችል፣ ስለዚህም ከውጭ የመጣ ነገር ሁሉ ሳይታጠብና ሳይቀቀል ሣጥን ውስጥ እንደማይገባ፣ የምስክር ወረቀቴን በጣቴ እያሳየሁ ረዘም ያለ ንግግር አደረግሁላት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ጠጠሩን አንድ በአንድ አወጣሁ፣ ማጠጫውን በሣሙና አጠብኩ፣ ንጹሕ ውሃ ሞላሁ፣ ተኛሁ።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ሣጥኑን ከፈትኩ። ማጠጫውን ዙሪያውን የከበበው ነገር መጀመሪያ የረጠበ ጥጥ መስሎኝ ነበር። ከፊሎቹ ፊታቸውን ውሃው ውስጥ ደፍተው፣ ከፊሎቹ ተነክረው ከወጡ በኋላ ከአምፖሉ ሳይደርሱ በብርድ ደርቀው ቀርተዋል፤ በሕይወት ያሉት ደግሞ በሞቱት ጀርባ ላይ ተረማምደው ውሃ ይጠጡ ነበር። ረዳቴ ከኋላዬ መጥታ ጋዜጣ አነጠፈችና እያወጣች አምስት አምስት አድርጋ ደረደረቻቸው። ስድስት መደዳ ሞልቶ አንድ ተረፈ። ከዚያም አንዲት ቃል ሳትናገር ጠጠሩን ከጣልኩበት ለቅማ፣ በፈላ ውሃ አጥባ፣ ወደ ማጠጫው መለሰችው። ለመጥፎ ዕድሌ በዚያ ሌሊት መብራት እንኳ አልጠፋም ነበር።

ኦዲተሩ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መጡ። እኔም እስከዚያ ድረስ ምን እንደምላቸው ሳሰላስል ነበር፣ ሆኖም እውነቱን ለመናገር ብዙም አላሰላሰልኩም።

«ስንት ሆኑልን?» አሉኝ።

«73 ናቸው ጋሼ። ከፍታው አስቸገረን።»

አልተቆጡም። ከደረት ኪሳቸው ትንሽ ደብተር አውጥተው 150 ጻፉ፣ ከሥሩ 73 ጻፉ፣ አሰመሩ። «77 ቀረ። በይ እርሱን አቅርቢልኝና አብረን እንስበረው፤ ፍሬ ያልያዘ ከሆነ ጥፋቱ የወንዶቹ ነውና እቀይራቸዋለሁ፣ ውስጡ የሞተ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር እንፈልጋለን» አሉ። እኔን አልጠረጠሩም። በእኔ ውሸት ምክንያት ምንም ያላጠፉ ወንዶች ድርጭቶች ሊባረሩ መሆኑ ነው።

ያልተፈለፈለውን እንቁላል ደንበኛው ፊት መስበር የኖረ ልማዳችን ስለሆነ እምቢ ማለት አልቻልኩም። ረዳቴ ባልዲውን አመጣች። ሽማግሌው ዱካ ላይ ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ አንድ በአንድ እያወጡ ትሪ ላይ ደረደሩ። 46 ሆነ። መልሰው ቆጠሩ፤ አሁንም 46።

«31 ጎደለ» አሉ። ጠፋ አላሉም፣ ተሰረቀ አላሉም፤ «ጎደለ» አሉ፣ ቃሏን ዕድሜ ልካቸውን እንደተጠቀሙባት ሰው አለዝበው።

«ከቅርፊቱ ጋር ተደባልቆ ተጥሎ ይሆናል» አልኩ።

«ቅርፊቱስ የት ነው?»

ቅርፊት አንጥልም፤ ቆልተንና ደቁሰን ለሚጥሉት ዶሮዎች መኖ ላይ እንጨምረዋለን። ረዳቴ ይህን ስለምታውቅ የጠየቁትን ሰምታ ሰፌዱን ይዛ ከተፍ አለች። ዝንጉርጉሩ የድርጭት ቅርፊት፣ የኮይኮዩም ቅርፊት፣ እዚያው ተቆልሎአል። ሰውየው ቅርፊቱን አልቆጠሩም። ለጥቂት ጊዜ ብቻ ተመለከቱት፤ ይህ ከመቁጠር የከፋ ነበር። ከዚያም መነጽራቸውን አውልቀው እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ እንቁላል ከዚህ ማሽን የሚወጣው በሁለት በር ነው። ወይ ባልዲው ውስጥ ይገባል፣ ወይ በእግሩ ይሄዳል። 31ዱ በየትኛው ወጡ?»

«በእግራቸው» አልኩ።

«ከዚያስ?»

«ሰመጡ።»

«የት?»

ማጠጫውን አሳየኋቸው። ጣታቸውን ውሃው ውስጥ ነክረው ጥልቀቱን ለኩና እኔን ሳይሆን ጣታቸውን ተመለከቱ። ከዚያ በኋላ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የጠጠሩንም ነገር፣ ንግግር ማድረጌንም፣ ማውጣቴንም። ሰው አንዴ መናዘዝ ከጀመረ ማቆሚያው ይጠፋዋልና ረዳቴን ከልክ በላይ አመሰገንኳት፤ እርሷን ሰምቼ ቢሆን 104ቱም በሕይወት ይኖሩ ነበር አልኩ። ሽማግሌው ወደ ልጅቷ ዞር ብለው «ጎበዝ! እንዳይሰምጡ ጠጠር እንደሚደረግ ማን አስተማረሽ?» ሲሉ ጠየቋት።

«ኧረ እኔስ እንዲውጡት ብዬ ነው» አለች። «እኛ አገር ጫጩት ጠጠር ካልዋጠች ጥሬው አይፈጭላትም።»

ኦዲተሩ ትከሻቸው እስኪነቀነቅ ሳቁ። እኔም፣ አልደብቅም፣ በዚያ ሁሉ ውርደት መካከል ለአፍታ ደስ አለኝ። ጠጠር የሚያስፈልገው ጥሬ ለሚለቅም ዶሮ እንጂ የተፈጨ ስታርተር ለሚበላ የአንድ ቀን ጫጩት አይደለም፤ ስለዚህ በምክንያቱ እርሷ ተሳስታ ነበር። ዛሬም ቢሆን ያንን ያልታጠበ ጠጠር ማውጣቴ ትክክል ነበር ብዬ እከራከራለሁ። ያጠፋሁት ሌላ ሳልተካ መተኛቴ ነው። ይህን ክርክር ለብዙ ሰው አቅርቤዋለሁ፤ እስካሁን የተቀበለኝ የለም።

ካሣውን በተመለከተ 31 የኮይኮይ ጫጩት እንዲወስዱ ለመንኳቸው። «ድርጭት ጎድሎ በዶሮ ከተተካ ሒሳቡ አይዘጋም» ብለው እምቢ አሉ። «እንግዲያው በሚቀጥለው ጊዜ 31 እንቁላል ያለ ክፍያ አስገባለሁ» አልኩ። ደብተራቸውን እንደገና ገለጡ፤ 104ን ለ150 አካፈሉና፣ በእኔ ማሽን 31 ጫጩት ለማግኘት 45 እንቁላል እንደሚያስፈልግ አሳዩኝ። 45 እንቁላል በነፃ አስገባሁ። ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ ደንበኛ የምሞላው ወረቀትም እርሳቸው በዚያ ቀን በእስክሪብቶ ያሰመሩት ነው፤ የገባ፣ የተፈለፈለ፣ ያልተፈለፈለ፣ የሞተ፣ የተረከቡት። ከሥሩ ሁለታችንም እንፈርማለን። አንዳንድ ደንበኛ «የሞተ» የሚለውን ዓምድ ሲያይ ፊቱ ይለወጥና እንቁላሉን ይዞ ወደ ሌላ ይሄዳል፤ እዚያ ማንም አይሞትም።

አሁን በጠጠር ፈንታ ብይ እጠቀማለሁ። ከሱቅ 60 የመስታወት ብይ ገዛሁ፤ ይቀቀላል፣ ይታጠባል፣ ኮክሲዲዮሲስም አያመጣም። ለመጀመሪያው ሳምንት በማጠጫው ጠርዝ ላይ እደረድረዋለሁ፤ ድርጭቶቹም በብዮቹ መካከል ያለውን ውሃ እየጠቆሙ ይጠጣሉ፣ አንድም አልሰመጠብኝም።

ሽማግሌው እስከ ዛሬ ደንበኛዬ ናቸው፤ ይህም ይቅርታ ይሁን ቅጣት ለይቼ አላውቅም። ጫጩት የሚረከቡበትን ቀን አይጠብቁም። በሚፈለፈልበት ቀን ማለዳ መጥተው ዱካቸው ላይ ይቀመጡና ላባቸው ገና ያልደረቀውን ጫጩቶች ራሳቸው ይቆጥራሉ። በጥር ወር የመጡ ዕለት ጫጩቱን ቆጥረው ከጨረሱ በኋላ ወደ ማጠጫዎቹ ጎንበስ ብለው ቆዩ።

«ብዩ 60 አልነበረም እንዴ?» አሉ። «አሁን 58 ነው።»

የአከራዬ ትንሽ ልጅ የሱሪውን ኪስ በመዳፉ ሸፍኖ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«ከፍታው ነው ጋሼ» አልኳቸው።